የማተሚያ ቤት ወጪ በየትኛው ቻርት ይታይ? ከጥቅምት 3 እስከ ጥቅምት 10 የተያዘ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሥራው፦ መሀል አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የኅትመት ክፍልና ሦስት ሱቆች ያሉት ማተሚያ ቤት የ2016ን እና የ2017ን በጀት ዓመት ወጪ ማነጻጸር ይፈልጋል። ሱቆቹ ሜክሲኮ፣ ለገሐርና አራት ኪሎ ናቸው። ድርጅቱ ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ስለሆነ የዓመቱን ሂሳብ እስከ ጥቅምት 30 ማስታወቅ አለበት፤ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ወጪው የት ላይ እንደናረ በሁለት ገጽ እንዲቀርብለት ጠይቋል። እዚህ የሰፈሩት ቁጥሮች ለማሳያ የተዘጋጁና የተጠጋጉ ናቸው።

ከሂሳብ ክፍል የመጣው የመጀመሪያ ሙከራ ዘጠኝ የወጪ ዓይነት፣ ሃያ አራት ወርና አራት የሥራ ቦታ በአንድ ቻርት ላይ ደርድሯል። ቀለሙ ብዙ ነው፤ የሚነበብ ነገር ግን የለውም። ጥያቄው ሳይለይ በቀጥታ ቻርት ወደሚገባበት ኢንሰርት ከተኬደ ውጤቱ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ስለዚህ ኤክሴሉ ተዘግቶ ጥያቄዎቹ በወረቀት ላይ ተጻፉ። ከወጪዎቹ ትልቁ የትኛው ነው? ጭማሪው ከየት መጣ? መቼ ጀመረ? የትኛው ሱቅ ከሚሸጠው አንጻር ብዙ ያወጣል? አራት ጥያቄ ስለሆነ አራት ቻርት ይሠራል።

ቀሪው ቀን ሰንጠረዡን በማጽዳት አለቀ። የወጪ መዝገቡ ወራቱን ወደ ጎን ዘርግቶ የተሠራ ነበር። ለዓይን ይመቻል፤ ረድፎችን በዓይነት ሰብስቦ የሚደምረው የኤክሴል መሣሪያ፣ ፒቮት ቴብል፣ ግን እንዲህ ያለውን አይወድም። በአንድ ረድፍ አንድ ወጪ ብቻ እንዲኖር ተገለበጠ፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ በጀት ዓመት፣ የወር ተራ፣ ቦታ፣ የወጪ ዓይነት፣ ብር። ስምንት ዓምድ።

ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት ዓምድ የተለያዩበት ምክንያት አለ። ኤክሴል የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ቀን በሚቀድምበት አቀማመጥ ጥቅምት 28 ቀን 2017ን 28/2/2017 ብለን ብናስገባው የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 28 አድርጎ ይቀበለዋል። ጥቅምት 30ን በተመሳሳይ መንገድ ብናስገባው ግን ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ተራ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ስለሆነች ከነጭራሹ ቀን ሆና አትገባም። ውጤቱ የአንድ ወር ወጪ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ መሆኑ ነው፤ በወር የሚደምረው ቀመርም ጽሑፍ የሆኑትን ዝም ብሎ ያልፋቸዋል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ አሰላለፉ ካልተነካ ቀንና ቁጥር በሴሉ ቀኝ ይሰለፋሉ፣ ጽሑፍ በግራ። ዓምዱን ከላይ እስከ ታች በዓይን መቃኘት ብቻ በቂ ነው።

የወር ተራውን ለማውጣት የተጻፈው ቀመር እንዲህ ያስባል፦ መስከረም 1 ብሎ ከሚቆጥረው የወር ቁጥር ተነስቶ፣ ቁጥሩ 11 ወይም 12 ከሆነ 10 ይቀንሳል፣ ከዚያ በታች ከሆነ 2 ይደምራል። ሐምሌ 1 ይሆናል፣ መስከረም 3፣ ሰኔ 12። ጳጉሜን ለብቻዋ 2 ትሰጣለች። ይህ ከተረሳና «11 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 10 ቀንስ» ከተባለ 13 ሲቀነስ 10፣ 3 ይመጣና የጳጉሜን ወጪ ሁሉ መስከረም ላይ ይወድቃል። በጀት ዓመቱም እንደዚሁ ነው፤ የወሩ ቁጥር 11 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በዓመቱ ላይ 1 ይደመራል። በሐምሌ 2016 የተከፈለ ገንዘብ የ2017 በጀት ዓመት ወጪ ነው።

ሌላው ጊዜ የበላው የፊደል ነገር ነው። «ኅዳር» እና «ህዳር»፣ «ታኅሣሥ» እና «ታህሳስ»፣ «ደመወዝ» እና «ደሞዝ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኤክሴል ሁለት የተለያዩ ቃላት። ፒቮቱ ሲሠራ ኅዳር ሁለት ጊዜ መጣ፣ ደመወዝም ለሁለት ተከፈለ። ሁለቱም ቁርጥራጮች ከእውነተኛው መጠን ያነሱ ስለሆኑ፣ ሳይታወቅ ቻርት ላይ ቢደርሱ ኖሮ ትልቁ ወጪ መሀል ላይ ተደብቆ ይቀር ነበር። የነበረው በማፈላለጊያና መተኪያው ተስተካከለ፤ ለወደፊቱ ደግሞ የወር፣ የቦታና የዓይነት ዓምዶች ላይ በዳታ ቫሊዴሽን ከዝርዝር ብቻ እንዲመረጥ ተደረገ። ከቃሉ ኋላ የቀረ ባዶ ቦታም ያው ጥፋት ያመጣል፤ በዓይን ስለማይታይ ደግሞ ይብሳል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ ቻርት አልተነካም። ቁጥሮቹ ለንጽጽር የሚበቁ ናቸው ወይ የሚለው ተፈተሸ፤ አልነበሩም።

ተጨማሪ እሴት ታክስ፦ ከግዢ ደረሰኞቹ ግማሽ ያህሉ ከነታክሱ፣ ሌላው ግማሽ ያለታክሱ ተመዝግቧል። ድርጅቱ በግዢ የከፈለውን ታክስ በሽያጭ ከሰበሰበው ላይ የሚያቀናንስ ስለሆነ 15 በመቶው ወጪ አይደለም። ከነታክሱ የገቡት ረድፎች ለ1.15 ተካፈሉ፤ 115,000 የነበረው 100,000 ሆነ። እዚህ ላይ የሚደጋገመው ስህተት ከጠቅላላው ላይ 15 በመቶ መቀነስ ነው፤ እንደዚያ ሲሠራ 97,750 ይመጣል፣ 2,250 ብር ያለቦታው ይጠፋል።

ኪራይ፦ የሜክሲኮው ሱቅ ኪራይ በየስድስት ወሩ አስቀድሞ ይከፈላል። የተከፈለበት ወር ላይ ብቻ ከተመዘገበ የወሩ ቻርት ላይ ሁለት ተራራ ይቆማል፣ ሌላው ሜዳ ይሆናል። በስድስት ተካፍሎ በየወሩ ተበተነ።

ደመወዝ፦ ወጪው ሠራተኛው እጅ ላይ የደረሰው ገንዘብ አይደለም። ጠቅላላ ደመወዝ ላይ አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ ጡረታ ይደመራል። ከሠራተኛው የሚቆረጠው 7 በመቶ ግን ጠቅላላ ደመወዙ ውስጥ ስላለ ድጋሚ አይደመርም።

ወረቀት፦ ትልቁ ውሳኔ ይህ ነበር። ወረቀት በአንድ ጊዜ ብዙ ተገዝቶ መጋዘን ይገባል። የተገዛበትን ወር ከወሰድን የግዢውን ዕድል እናሳያለን እንጂ የኅትመቱን ወጪ አናሳይም። ስለዚህ ከግዢ ደረሰኝ ተነስቶ የነበረው ቁጥር ከመጋዘን በወጣው ወረቀት ተተካ።

ፒያሳና ለገሐር፦ ፒያሳ የነበረው ሱቅ በኮሪደር ልማቱ ጊዜ፣ በ2016፣ ወደ ለገሐር ተዛውሯል። መዝገቡ ላይ ሁለት ስም ስላለው ቻርቱ ሁለት የተጎረዱ ሱቆች ያሳይ ነበር። ሁለቱም «ለገሐር (ቀድሞ ፒያሳ)» በሚል አንድ ስም ተጠቃለሉ። የዝውውሩ ወጪ ግን (0.8 ሚሊዮን ብር) ከኪራይና ከጥገና ውስጥ ወጥቶ ራሱን የቻለ ረድፍ ሆነ። አንድ ጊዜ ብቻ የወጣ ገንዘብ ከመደበኛው ጋር ከተቀላቀለ 2016ን ያለአግባብ ውድ፣ 2017ን ያለአግባብ ቆጣቢ ያስመስላል።

የተጣራው ማጠቃለያ በሚሊዮን ብር፣ መጀመሪያ 2016 ከዚያ 2017፦ ወረቀት 6.2 እና 10.4፤ ደመወዝና ጡረታ 5.1 እና 5.8፤ ኪራይ 2.9 እና 3.3፤ ቀለምና ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) 1.8 እና 3.0፤ መብራትና ነዳጅ 0.7 እና 0.9፤ ትራንስፖርት 0.6 እና 0.8፤ ጥገናና መለዋወጫ 0.5 እና 0.9፤ ሌሎች 0.4 እና 0.5፤ ዝውውር 0.8 እና 0። ድምሩ 19.0 እና 25.6 ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ትልቁ ወጪ የትኛው ነው? ለዚህ መልሱ አግድም ባር ነው፤ ከትልቅ ወደ ትንሽ ተደርድሮ።

በቋሚ ባር ተጀምሮ ነበር። «ደመወዝና ጡረታ»፣ «ጥገናና መለዋወጫ» የሚሉት ስሞች ከሥር ስለማይበቃቸው ኤክሴል 45 ዲግሪ አጋደማቸው። አንገት አዘንብሎ የሚነበብ ስም ግማሹ አይነበብም። አግድም ባር ላይ ስሙ በግራ እንደ ልቡ ይዘረጋል፣ ባሩ ወደ ቀኝ ይሄዳል። የአማርኛ የወጪ ስም ላለው ሰንጠረዥ ያለብዙ ማሰብ አግድሙን መያዝ ይሻላል።

ቻርቱ እንደገባ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። ሁለት ግዙፍ ባሮች ቆመው የቀረው ሁሉ ጠፍቷል። መነሻው የዓምዶቹ ርዕስ ነው፤ «2016» እና «2017» ተብለው በቁጥር ስለተጻፉ ኤክሴል ርዕስ መሆናቸውን ትቶ እንደ ወጪ ቆጠራቸው። 6.2 የሚለው ወረቀት ከ2016 አጠገብ ሲቆም መስመር እንኳ አይሆንም። ርዕሶቹ «2016 ዓ.ም.» እና «2017 ዓ.ም.» ተብለው ሲጻፉ ጽሑፍ ስለሆኑ ነገሩ ተስተካከለ። ዓመቶቹ በግራ ዓምድ ወደ ታች የወረዱ ከሆነ ደግሞ የሰንጠረዡን የላይኛ ግራ ሴል ባዶ መተው ይረዳል።

ቀጥሎ ቅደም ተከተል። አግድም ባር የሰንጠረዡን የመጀመሪያ ረድፍ ከታች ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ከትልቅ ወደ ትንሽ የተደረደረ ሰንጠረዥ ተገልብጦ ይወጣል። ስሞቹ ያሉበትን መስመር ነክቶ ኮንትሮልና 1 ሲጫኑ በሚከፈተው መስኮት «ካቴጎሪስ ኢን ሪቨርስ ኦርደር» ምልክት ተደረገበት። ይህ ሲደረግ የቁጥሩ መስመር (አክሲስ) ወደ ላይ ይዘላል፤ እዚያው መስኮት ውስጥ «አት ማክሲመም ካቴጎሪ» ሲመረጥ ወደ ቦታው ይመለሳል።

በባሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ከፋብሪካ ሲመጣ 182 በመቶ ነው፤ ማለትም ክፍተቱ ከባሩ ሁለት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ወደ 50 ወረደ። 2016 ፈዘዝ ያለ ግራጫ፣ 2017 ጠቆር ያለ ሰማያዊ። በየባሩ ጫፍ ቁጥር ተጻፈ፤ ቁጥሩ ካለ የጀርባው መስመርና የታችኛው የቁጥር ረድፍ ትርፍ ስለሆነ ተሰረዘ። ሰንጠረዡ በሚሊዮን ስለተጻፈ የቁጥሩ አጻጻፍ «0.0» ተደረገ። በሙሉ ብር የተጻፈ ቢሆን ኖሮ «0.0,,» ይባል ነበር፤ ሁለቱ ኮማዎች ስድስት አሃዝ ይሸፍናሉ፣ 10,400,000 የሚለው 10.4 ሆኖ ይታያል፣ ሴሉ ውስጥ ያለው ግን አይነካም። «ሚሊዮን ብር» የሚለው ከርዕሱ ሥር አንድ ጊዜ ተጻፈ።

ዝውውሩ 2017 ላይ ዜሮ ስለሆነ «0.0» ብሎ ይለጠፋል። ያ መለያ ብቻውን ተመርጦ ጠፋ።

አንድ ሰው መቶ በመቶ የሚደራረበውን ባር፣ ማለትም የየዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 100 ተብሎ በድርሻ የሚከፈልበትን፣ ሐሳብ አቀረበ። ተሞከረና ተተወ። እዚያ ላይ ደመወዝ ከ27 በመቶ ወደ 23 በመቶ ወርዶ ይታያል፤ አንባቢም «ደመወዝ ቀነሰ» ብሎ ይወጣል። ደመወዝ ግን 0.7 ሚሊዮን ብር ጨምሯል፤ ድርሻው ያነሰው ወረቀት ከሱ በላይ ስላበጠ ነው። ይህ ቻርት ጥያቄው ስለ ድርሻ ሲሆን ብቻ ይሠራል። ደሞዝተኛ ያለበት ስብሰባ ላይ ይህን ሥዕል ያለማብራሪያ ማሳየት ደግሞ በሰው ላይ የተሳሳተ ፍርድ ያመጣል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

የሱቆቹ ቀን። ሱቅ ላይ የሚወጣው ኪራይ፣ ደመወዝ፣ መብራትና ትራንስፖርት ሲደመር በ2017 ሜክሲኮ 1,920 ሺህ፣ ለገሐር 1,640 ሺህ፣ አራት ኪሎ 1,610 ሺህ ብር ነው።

ከሂሳብ ክፍል የመጣው ፓይ ቻርት፣ እንደ ዳቦ የተቆራረሰ ክብ፣ ነበር። ለገሐር ክቡ ላይ የያዘው 114 ዲግሪ ያህል፣ አራት ኪሎ 112 ዲግሪ ያህል ነው። ሁለት ዲግሪ በዓይን የሚለይ ሰው የለም። ፓይ ቻርትን እ.ኤ.አ. በ1801 ያወጣው ዊሊያም ፕሌይፌር ራሱ ባር ቻርትን ከዚያ 15 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1786፣ አሳትሟል፤ ለንጽጽር የሚሻለው የቀደመው ነው። ክሊቭላንድና ማክጊል የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተሙት ሙከራም ይህንኑ ያሳያል፤ ሰው በአንድ መስመር ላይ የቆመን ርዝመት ከማዕዘን አሻሽሎ ይገምታል። ፓይ የሚያገለግልበት ቦታ አለ፦ ሁለት ቁራጭ ብቻ ሲኖር፣ ለምሳሌ «በ2017 ከጠቅላላው ወጪ 41 በመቶው ወረቀት ነው» ለማለት። ሦስት ገጽታ ያለውማ አይታሰብም፤ ወደ አንባቢው የቀረበው ቁራጭ ያለመጠኑ ይገዝፋል።

ወደ ባር ተቀየረ። እዚህ ላይ ከሳምንቱ ሁሉ የከፋው ወጥመድ ተገኘ። የኤክሴል የቁጥር መስመር ራሱ መነሻውን ሲመርጥ፣ በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት ከትልቁ 16.67 በመቶ በታች ከሆነ ከዜሮ አይጀምርም። የእኛው ልዩነት 310 ነው፤ ከ1,920 አንጻር 16.1 በመቶ። ለጥቂት ገባ። መስመሩ 1,400 ላይ ከጀመረ የሜክሲኮ ባር 520፣ የአራት ኪሎ 210 ርዝመት ይኖረዋል፤ አንባቢው ሜክሲኮ የአራት ኪሎን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል የሚያወጣ ይመስለዋል። እውነቱ 19 በመቶ ብቻ ነው የሚበልጠው። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሥዕሉ ሐሰት ሊሆን የሚችለው በዚህ መንገድ ነው፤ ደግሞም ማንም አስቦ ያደረገው ነገር የለም። ፎርማት አክሲስ ውስጥ ሚኒመም ላይ 0 በእጅ ተጻፈ። በእጅ መጻፉ ዋጋ አለው፤ አውቶ ላይ ከተተወ ዛሬ ከዜሮ ቢጀምርም የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ቁጥር ሲገባ ሊለወጥ ይችላል። የባር ቻርት ሁሉ፣ ያለምንም ልዩነት፣ ዜሮው ታስሮ ይቀመጣል።

ባሩ ቢስተካከልም ጥያቄው ገና አልተመለሰም። ሜክሲኮ ብዙ ያወጣል፤ ብዙም ይሸጣል። የዓመቱ ሽያጭ ሜክሲኮ 14.8፣ ለገሐር 8.6፣ አራት ኪሎ 7.0 ሚሊዮን ብር ነው። በየ100 ብር ሽያጭ የሚወጣው ወጪ ሲሰላ ሜክሲኮ 13.0 ብር፣ ለገሐር 19.1፣ አራት ኪሎ 23.0 ሆነ። ቅደም ተከተሉ ሙሉ በሙሉ ተገለበጠ።

ሁለቱን መለኪያ በአንድ ቻርት፣ በግራና በቀኝ ሁለት የቁጥር መስመር፣ ማሳየት ተሞከረ። አልሄደም፤ ባሮቹ የትኛውን መስመር እንደሚከተሉ ለማወቅ አንባቢው ዓይኑን ሦስት ጊዜ ያመላልሳል። በምትኩ ሁለት ትንንሽ ቻርቶች ጎን ለጎን ተቀመጡ፦ በግራ ጠቅላላ ወጪ፣ በቀኝ በ100 ብር ሽያጭ። የሱቆቹ ቅደም ተከተል በሁለቱም አንድ ነው፣ በቀኙ ወጪ መሠረት፣ አራት ኪሎ ከላይ። ሁለቱን በቁመት እኩል ለማድረግ መጠናቸው በእጅ ተጻፈ፤ በማውስ መጎተት እኩል አያደርጋቸውም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ጭማሪው ከየት መጣ? ከ19.0 ወደ 25.6 ለመድረስ 6.6 ሚሊዮን ብር አለ። ለዚህ ጥያቄ ዋተርፎል የሚባለው ቻርት ነው የሚሻለው፤ ከመነሻው ተነስቶ እያንዳንዱ ወጪ የጨመረውን ደረጃ በደረጃ እየረገጠ መድረሻው ላይ ይቆማል።

ዘጠኙም ወጪዎች ሲገቡ ደረጃው በዛ፤ 0.1 እና 0.2 የሚሉት እርከኖች ጸጉር ያህል ቀጠኑ። ትንንሾቹ አራት (ጥገና፣ መብራትና ነዳጅ፣ ትራንስፖርት፣ ሌሎች) ተጠቃለው 0.9 ሆኑ። የመጨረሻው ረድፍ ይህ ነው፦ 2016 19.0፤ ወረቀት +4.2፤ ቀለምና ፕሌት +1.2፤ ደመወዝ +0.7፤ ኪራይ +0.4፤ አራቱ ትንንሾች +0.9፤ ዝውውር −0.8፤ 2017 25.6። የቀነሰው መጨረሻ ላይ መሆኑ ይጠቅማል፤ ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ ሳይቋረጥ ይነበባል።

ዋተርፎል «ኤክሴል 2016» በሚባለው ሥሪትና ከዚያ በኋላ በወጡት አለ። ሲገባ የመጨረሻው 25.6 እንደ ተጨማሪ ጭማሪ ተቆጥሮ በ25.6 ላይ ሌላ 25.6 ተሰቀለና ቻርቱ ከ51 በላይ ወጣ። ያንን ባር አንዴ መንካት ሁሉንም ይመርጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ድጋሚ መንካት እሱን ብቻ ይመርጣል። ከዚያ በቀኝ ማውስ «ሴት አዝ ቶታል»። መነሻውም እንዲሁ ተደረገ፤ ቀለሙ ከመድረሻው ጋር እንዲመሳሰል። ይህ ቻርት በቀጥታ ከፒቮት ቴብል አይሠራም፤ ቁጥሮቹ ቫልዩ (ያለ ቀመር ባዶ ቁጥር) ብቻ ሆነው ወደ ሌላ ሺት መገልበጥ አለባቸው።

የሂሳብ ክፍሉ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ኤክሴል 2010 ስላለ ያው ቻርት በድሮው ዘዴም ተሠራ፦ የሚደራረብ ቋሚ ባር፣ የታችኛው ክፍል ያለቀለም። ለጭማሪ የማይታየው መሠረት ከዚያ በፊት የተደረሰበት ድምር ነው፤ ወረቀት 19.0 ላይ ይቆማል፣ ቀለም 23.2 ላይ። ለቅናሽ ግን መሠረቱ ከቀነሰ በኋላ ያለው ድምር ነው፤ ዝውውር 26.4 ላይ ሳይሆን 25.6 ላይ ይቆምና 0.8 ወደ ላይ ይታያል። ስህተት የሚበዛው እዚህች ላይ ነው፤ ባሩ መድረሻውን አልፎ ከታየ መሠረቱ የተወሰደው ከቅናሹ በፊት ነው ማለት ነው።

ቻርቱ ወረቀት 4.2 ሚሊዮን ጨመረ ይላል። ብዙ ታትሞ ነው ወይስ ወረቀቱ ተወዶ? ኅትመቱ ከ9.5 ሚሊዮን ሉህ ወደ 10.0 ሚሊዮን ሉህ ከፍ ብሏል። በ2016 አንድ ሉህ 0.65 ብር ያህል ወረቀት ይወስድ ነበር፤ በዚያው ዋጋ 10.0 ሚሊዮን ሉህ 6.5 ሚሊዮን ብር ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ከ4.2ቱ 0.3 ያህሉ የመጠን፣ 3.9 ያህሉ የዋጋ ነው። የወረቀት እርከን በሁለት ተከፍሎ በሁለት ቀለም ተሳለ። ይህች አንዲት ክፍፍል ከቀረው ቻርት ሁሉ የበለጠ ትናገራለች፤ አስተዳደሩ ሊቆጣጠረው የሚችለውንና የማይችለውን ትለያለች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8 (ግማሽ ቀን)

መቼ ጀመረ? ጊዜ ሲሆን መስመር። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው፤ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። ቀኑ የ2017 በጀት ዓመት በተጀመረ በ22ኛው ቀን ላይ ስለዋለ የሁለቱ ዓመት ንጽጽር የ«በፊት» እና የ«በኋላ» ንጽጽር ሆኗል ማለት ይቻላል። ከውጭ የሚገቡት ወረቀት፣ ቀለምና ፕሌት ከፍ ብለው ኪራይና ደመወዝ ያን ያህል አለመንቀሳቀሳቸው ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ሁለት አማራጭ ተሳለ። አንዱ 24 ወር የሚሄድ አንድ መስመር፣ ሌላው በ12 ወር ላይ የተደራረቡ ሁለት መስመሮች። «መቼ ጀመረ» ለሚለው አንዱ ረጅም መስመር ይሻላል፤ ሐምሌ ላይ ቀጥ ያለ ምልክት ቆሞበታል። ሁለቱ መስመሮች የሚጠቅሙት ወቅት ለማየት ነው፤ ከእንቁጣጣሽ በፊት የቀን መቁጠሪያ ኅትመት ሲበዛ ወጪውም አብሮ ስለሚነሳ ነሐሴን ከነሐሴ ጋር ማየት ያስፈልጋል።

የወረቀት መስመሩ ሐምሌ ላይ አልዘለለም። ከመጋዘን በወጣው ስለተመዘገበ በድሮ ዋጋ የገባው ክምችት እስኪያልቅ መስመሩ ዝቅ ብሎ ቆይቶ ነው የተነሳው። ይህ ከቻርቱ ሥር በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልተጻፈ አንባቢው ጭማሪው ዘግይቶ የመጣበትን ምክንያት ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

ነሐሴ ላይ ጉብታ አለ። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ስለተደመረች በ2016 በጀት ዓመት 36 ቀን (የ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች)፣ በ2017 ደግሞ 35 ቀን ሆኗል። መብራትና ነዳጅ ለቀን ወጪ ተቀይረው፣ ማለትም ወጪው ለቀኖቹ ብዛት ተካፍሎ፣ ድጋሚ ሲሳሉ ጉብታው ጠፋ። የወር ኪራይ ግን በጳጉሜን አይጨምርም፤ ሊካፈል አይገባም።

ፒቮቱ ወራቱን በፊደል ተራ ስለደረደረ መስከረምን ተከትሎ መጋቢት መጣ። «01 ሐምሌ»፣ «02 ነሐሴ»፣ «03 መስከረም» ተብሎ ቁጥር ከፊት ሲጻፍ ተስተካከለ።

የወረቀት ወጪንና የዶላርን ምንዛሪ በሁለት የቁጥር መስመር አብሮ መሳል ተጠይቆ ነበር። የሁለቱ መስመሮች መቋረጫ ምንም ትርጉም የለውም፤ አንዱን የቁጥር መስመር በመሳብ ብቻ የትም እንዲገናኙ ማድረግ ይቻላል። አብረው መታየት ካለባቸው የ2016 በጀት ዓመት የመጀመሪያው ወር ሐምሌ 100 ተብሎ ሌላው ወር ሁሉ በዚያ ይሰላል፤ ያኔ አንድ የቁጥር መስመር ይበቃቸዋል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

የማስረከቢያ ቀን። አራቱ ቻርቶች በሁለት ኤ አራት ገጽ ላይ ተቀመጡ፤ ዋተርፎሉ ከላይ፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ሆነ?» ነው። ርዕሶቹ ተለወጡ። «የ2016 እና የ2017 ወጪ ንጽጽር» የሚለው ምንም አይነግርም፤ «ከ6.6 ሚሊዮን ብር ጭማሪ 4.2ቱ ወረቀት ነው» የሚለው ይነግራል።

በጥቁርና ነጭ ማተሚያ ተፈተሸ። አረንጓዴና ቀይ የነበሩት ጭማሪና ቅናሽ ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኑ። ጭማሪው ጠቆር፣ ቅናሹ ነጣ ብሎ በጠርዝ እንዲታይ ተደረገ፤ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለው ቁጥርም ከላዩ ተጻፈ።

ፒዲኤፍ ሲወጣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከርዕሶቹ አንዱ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ታየ። የካሊብሪ ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም፤ ኤክሴል በራሱ ሌላ ፎንት ይተካል፣ ያ ፎንት ሌላው ማሽን ላይ ከሌለ ሳጥን ይመጣል። የቻርቶቹ ጽሑፍ ሁሉ የግዕዝ ፊደል ወዳለው ኒያላ ፎንት ተቀየረ። ዩኒኮድ (የፊደላት የጋራ ኮድ) ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት የተተየበ ሰንጠረዥ ከሆነ ግን ፎንት መቀየር አያድነውም፤ ስሞቹ ድጋሚ መተየብ አለባቸው።

ወደ ዎርድ ሲገለበጥ ቻርቱ እንደ ፒክቸር ነው የተለጠፈው። «ኢምቤድ» የሚለው አማራጭ ሙሉውን የኤክሴል ፋይል ይዞ ይሄዳል፤ ቻርቱን ሁለት ጊዜ የነካ ሰው የእያንዳንዱን ሠራተኛ ደመወዝ ሊያይ ይችላል። ይህ ሳይታወቅ የሚደረግ ነገር ስለሆነ ከመላኩ በፊት ሁልጊዜ መፈተሽ አለበት።

ሥራ አስኪያጁ በስልክ ስለሚያይ በቴሌግራም የተላከው ፒዲኤፉ በፋይል መልክ ነው፤ በፎቶ ሲላክ ስለሚጨመቅ የባር ጫፍ ቁጥሮች ይደበዝዛሉ። ከ9 በታች የነበረው የፊደል መጠን ወደ 11 ከፍ ተደርጓል።

የቀረ ሥራ፦ የ2018 የመጀመሪያው ሩብ ዓመት (ከሐምሌ እስከ መስከረም) ቁጥር ሲገባ፣ ሰንጠረዡ በኮንትሮልና ቲ ወደ ቴብል ስለተቀየረ ቻርቶቹ ራሳቸው ይዘረጋሉ። ዋተርፎሉ ብቻ በእጅ ይሠራል። አንድ ማስጠንቀቂያ ሺቱ ላይ ተጽፎ ቀርቷል፦ ረድፍ አትደብቁ፤ የተደበቀ ረድፍ ከቻርቱም ይጠፋል፣ በባሩ ጫፍ ያለው ቁጥር ግን የቀረ ነገር እንዳለ አይናገርም።